የጥንት ግሪክና ሮምን ታሪክ፣ ጂኦግራፊና አርክቴክቸር ሳይምታታባችሁ እንዴት ታጠናላችሁ? ዝርዝር መመሪያ

"ስንት መጽሐፍ አነበብኩ፣ ዩቲዩብ ላይ ያለውን ዶክመንተሪ ጨረስኩት፣ አሁንም ግን የአቴንሱ ፔሪክልስ ይቅደም የሮሙ ቄሳር ይቅደም ግራ ይገባኛል" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። የማስታወስ ችግር አይደለም። ሰዉ የሚጀምረው ከንጉሥና ከጦርነት ዝርዝር ነው፣ ቦታውን ሳያውቀው ዓመቱን ይሸመድዳል፣ ከዛ ፈተናው ሲያልፍ ሁሉም አብሮ ያልፋል። እዚህ ያለው ቅደም ተከተል ካርታ፣ ስም፣ ዓመት፣ ሕንፃ፣ ምንጭ ነው። አትገለባብጡት፣ በተለይ ካርታውን "በኋላ እመለስበታለሁ" ብላችሁ እንዳትዘሉት፣ የዘለለ ሰው አይመለስበትም።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ሁለት ደብተር። አንዱ ባለ ካሬ ይሁን (ለፕላን ስዕል)፣ አንዱ ተራ።
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ሦስት ከለር።
- ስልካችሁ ላይ ጎግል ኧርዝ። ዳታ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ የምትፈልጉትን ቦታ ከላይም ከጎንም ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ።
- ለንባብ ፐርሲየስ ዲጂታል ላይብረሪ (የጥንት ጸሐፊዎች ጽሑፍ በነፃ አለ፣ በእንግሊዝኛ)፣ የጥንት ቦታ ስም ለመፈለግ ፕሌያዲስ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንት ግሪክ ታሪክና ስለ ሮማ አርክቴክቸር ሙሉ ኮርስ በነፃ ለቋል፣ እሱን ግን ደረጃ 4ን ከጨረሳችሁ በኋላ ክፈቱት፣ ቀድማችሁ ካያችሁት በስም ብዛት ያሰጥማችኋል።

በቴሌግራም የሚዞሩትን "የዓለም ታሪክ በ50 ገጽ" ዓይነት ፒዲኤፎች ለጊዜው ዝጓቸው።

ደረጃ 1፦ ካርታውን በእጃችሁ ሳሉ

ፕሪንት ማድረግ አይበቃም፣ እጃችሁ መሳል አለበት። ቆንጆ መሆን የለበትም።

1. ወረቀቱን አግድም አድርጉ። መጀመሪያ ጣሊያንን ሳሉ፣ ከሥሯ ሲሲሊ፣ ወደ ቀኝ ግሪክ፣ ከዛ የዛሬዋ ቱርክ ምዕራብ ዳርቻ፣ ቀርጤስ፣ ታች የሰሜን አፍሪካ ዳርቻ እስከ ግብፅ። ካርታውን እስክንድርያ ላይ አትቁረጡት፣ ቀይ ባሕርን አስገቡ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ አዱሊስን በስም ይጠራል፣ የአገሩ ገዥ ዞስካሌስም የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ እንደነበር ይናገራል፣ የአክሱም ሳንቲሞችም በግሪክኛ ነው መጻፍ የጀመሩት። እኛ ከካርታው ውጪ አልነበርንም።
2. ተራራውን በቡናማ። ጣሊያን ላይ አፔናይን ከላይ እስከ ታች እንደ አከርካሪ፣ ሰሜን ላይ አልፕስ። ግሪክ ላይ ፒንዶስ፣ ታች ፔሎፖኔዝ (ደቡባዊው የግሪክ ክፍል) ውስጥ ታይጌቶስ። ግሪክ ለምን በትንንሽ ከተማ-መንግሥታት እንደተከፋፈለች ግማሹ መልስ እዚህ ቡናማ ከለር ውስጥ ነው፣ ሸለቆና ሸለቆ በተራራ ተለያይቷል፣ መገናኛው ባሕር ነው።
3. ከተማ አስገቡ፣ ግን 12 ብቻ፦ አቴንስ፣ ስፓርታ፣ ቆሮንቶስ፣ ቴብስ፣ ዴልፊ፣ ኦሊምፒያ፣ ኤፌሶን፣ ሚሊጢን፣ ሰራኩስ፣ ኔፕልስ፣ ሮም፣ ካርቴጅ። ኤፌሶንና ሚሊጢን ዛሬ ቱርክ ውስጥ መሆናቸውን፣ ሰራኩስና ኔፕልስ ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ሆነው ግሪኮች የቆረቆሯቸው መሆናቸውን በሌላ ከለር ምልክት አድርጉ። "ግሪክ" ማለት የዛሬዋ አገር ብቻ እንዳልሆነ ይሄ ነጥብ አንዴ ከገባችሁ ብዙ ነገር ይቀልላል።
4. ከእያንዳንዱ ከተማ ጎን "ለምን እዚህ?" የሚለውን በአንድ መስመር ጻፉ። ለምሳሌ አቴንስ፣ ከወደቧ ከፒሬየስ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች፣ ደቡብ ላይ ላውሪዮን የሚባል የብር ማዕድን ነበራት። በ483 ከክርስቶስ ልደት በፊት (ከክ.ል.በ) እዛ ብዙ ብር ሲገኝ የአቴንሱ መሪ ቴሚስቶክሊስ ሕዝቡ እንዳይከፋፈለው አሳምኖ መርከብ አሠራበት፣ በ480 ሳላሚስ ላይ ፋርስን ያሸነፈው የባሕር ኃይል ከዛ የመጣ ነው። አያችሁ፣ ከአንድ የማዕድን ጉድጓድ ተነስታችሁ ጦርነቱ ድረስ ሄዳችሁ፣ ያለ ሽምደዳ።
5. ወረቀቱን ገልብጡትና ሳታዩ እንደገና ሳሉ። 9 ከተማ በትክክለኛው ቦታ እስክታስቀምጡ ድረስ ወደ ደረጃ 2 አትሂዱ።

ካርታው ላይ መስመር መከተል ለመለማመድ ሐዋርያት ሥራ 27 እና 28ን ክፈቱ። የጳውሎስ ጉዞ ከቂሳርያ ተነስቶ በሙራ፣ በቀርጤስ ሥር፣ መላጥያ (የዛሬዋ ማልታ)፣ ሰራኩስ፣ ሬጊዩም፣ ፑቲዮሉስ፣ ከዛ በእግር ሮም ነው። ስትስሉት ሁለት ነገር አስተውሉ። ሙራ ላይ የተሳፈሩባት መርከብ የእስክንድርያ ናት፣ ስንዴ ጭናለች፣ ምክንያቱም ግብፅ በ30 ከክ.ል.በ ለሮም ከገባች በኋላ የሮምን ሆድ ከሚሞሉት አንዷ ሆናለች። ሌላው ክረምታቸውን አንድ ቦታ ጠብቀው ማሳለፋቸው፣ ባሕሩ በግምት ከኅዳር መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ ለመርከብ "ዝግ" ነው ይባል ነበር። ሠራዊትም እህልም ደብዳቤም በዚህ ይወሰናል፣ ስለዚህ "ለምን እስከ ፀደይ ጠበቀ?" የሚል ጥያቄ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ባሕሩን አስቡ።

⚠ ሲበላሽ፦ "ጎግል ኧርዝ ላይ ባሕሩ የለም!"

ቴርሞፒሌን (300 የስፓርታ ወታደሮች ፋርስን የተከላከሉበትን ቦታ) ከፍታችሁ "300ዎቹ የቆሙበት ጠባብ መተላለፊያ ይሄ ሜዳ ነው እንዴ?" ትላላችሁ። አዎ ነው። በ480 ከክ.ል.በ ተራራው ሥር ድረስ ባሕር ነበር፣ ወንዙ ለዘመናት ደለል እያመጣ ዳርቻውን ብዙ ኪሎ ሜትር ገፍቶታል። ኤፌሶንና ሚሊጢንም ወደብ ነበሩ፣ ዛሬ ከባሕር ርቀው ነው የሚገኙት፣ የሮም ወደብ ኦስቲያም እንደዛው። የጥንቱን ዳርቻ በነጠብጣብ መስመር ሳሉ። በተቃራኒው ቆሮንቶስ ላይ ሁለቱን ባሕር የሚያገናኝ ቦይ ታያላችሁ፣ እሱ ጥንታዊ አይደለም፣ በ1893 እ.ኤ.አ ነው ያለቀው። ጥንት የነበረው መርከብና ዕቃ በየብስ የሚጎተትበት የድንጋይ መንገድ ነው።

ደረጃ 2፦ ስሞቹን አስታርቁ

ይሄ አጭር ነው ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የኛ አንባቢ ግማሹን ስም ከመጽሐፍ ቅዱስና ከስንክሳር፣ ግማሹን ከእንግሊዝኛ ስለሚሰማ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያጠናዋል። ተራው ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ክፈቱና ስም በገጠማችሁ ቁጥር ጨምሩ፦

- እስክንድር / አሌክሳንደር
- አውግስጦስ ቄሳር / ኦገስተስ / ከ27 ከክ.ል.በ በፊት ሲሆን ኦክታቪያን
- ቀላውዴዎስ / ክላውዲየስ
- ዲዮቅልጥያኖስ / ዳዮክሊሽን
- ቆስጠንጢኖስ / ኮንስታንቲን
- ተሰሎንቄ / ቴሳሎኒኪ፣ ቀርጤስ / ክሬት፣ ቆጵሮስ / ሳይፕረስ
- ድያ / ዜውስ፣ ሮማውያን ጋር ጁፒተር፤ አርጤምስ / ዳያና

ፓርቴኖንና ፓንቴዮንን በቀይ ጻፏቸው። ሁለቱም ቤተ መቅደስ ናቸው፣ ፓርቴኖን አቴንስ፣ ፓንቴዮን ሮም፣ በመካከላቸው ከ500 ዓመት በላይ አለ። በድምፅ ስለሚመሳሰሉ የተደባለቁበት የፈተና ወረቀት ቁጥር ስፍር የለውም።

ደረጃ 3፦ የዓመት አቆጣጠሩን ቀድማችሁ ቆልፉ

1. ደብተራችሁ ሽፋን ላይ "ሁሉም እ.ኤ.አ" ብላችሁ ጻፉ። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አትለውጡ። የ7ና የ8 ዓመት ልዩነቱን ስትደምሩና ስትቀንሱ ነው ሁሉም የሚበላሸው። በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ስታነቡ ደግሞ ጸሐፊው ለውጦት እንደሆነ አጣሩ፦ የምዕራብ ሮም መጨረሻ 476 ካለ እ.ኤ.አ ነው፣ 468 ወይም 469 ካለ ለውጦታል።
2. ከክርስቶስ ልደት በፊት ቁጥሩ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። 490 ከ480 ይቀድማል። 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክ.ል.በ ማለት ከ500 እስከ 401 ነው።
3. ዜሮ ዓመት የለም። ከክ.ል.በ ወደ ክ.ል.በኋላ ስታሰሉ ደምራችሁ 1 ቀንሱ። አውግስጦስ መስከረም 63 ከክ.ል.በ (በፈረንጁ ሴፕቴምበር) ተወልዶ በኦገስት 14 ዓ.ም እ.ኤ.አ ሞተ፣ 63+14−1=76፣ ልደቱ ስላልደረሰ 75። ዝም ብላችሁ ብትደምሩ 77 ነበር የምትሉት።

አንዳንዱ መጽሐፍ "ዓ.ዓ"፣ አንዳንዱ "ቅ.ል.ክ" ይላል። እናንተ አንዱን መርጣችሁ በዛው ቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ምሰሶ ዓመቶች፣ ጎን ለጎን

እዚህ ያለው ትልቁ ስህተት ግሪክ አልቃ ሮም የጀመረች መምሰሉ ነው፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ በምዕራፍ ስለሚለያያቸው። አብረው ነበሩ። ገጹን ለሁለት ክፈሉና ግራ ግሪክ፣ ቀኝ ሮም አድርጋችሁ እነዚህን ብቻ አስገቡ።

ግራ (ሁሉም ከክ.ል.በ)፦
- 776 የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው
- 508/7 ክሌይስቴኔስ፣ የአቴንስ ዲሞክራሲ
- ከፋርስ ጋር ጦርነት፦ 490 ማራቶን፤ 480 ቴርሞፒሌና ሳላሚስ
- 447–432 ፓርቴኖን ይሠራል
- 431–404 አቴንስና ስፓርታ ይዋጋሉ
- 323 እስክንድር ባቢሎን ላይ ይሞታል
- 146 ሮም ቆሮንቶስን ታፈርሳለች

ቀኝ፦
- 753 ከክ.ል.በ ሮም ተቆረቆረች የሚባልበት (ባህላዊ ዓመት)
- 509 ከክ.ል.በ ንጉሡ ተባረረ፣ ሪፐብሊክ
- 264–146 ከክ.ል.በ ሦስቱ የካርቴጅ ጦርነቶች፤ የካርቴጁ አዛዥ ሃኒባል ካኔ ላይ ሮምን ያሸነፈበት 216
- 44 ከክ.ል.በ ቄሳር ተገደለ፤ 27 ከክ.ል.በ አውግስጦስ
- 79 እ.ኤ.አ የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ 80 ኮሎሲየም (የሮም ትልቁ የትርኢት ሜዳ) ተመረቀ
- 117 እ.ኤ.አ ግዛቱ በንጉሠ ነገሥት ትራያን ጊዜ ሰፊው
- 313 ንጉሠ ነገሥታቱ ቆስጠንጢኖስና ሊኪኒዩስ ለክርስቲያኖች ነፃነት ሰጡ፤ 330 ቁስጥንጥንያ
- 476 የምዕራቡ መጨረሻ

አሁን አግድም አንብቡት። 509ና 508 ተጠጋግተዋል፣ ሮም ንጉሥ ስታባርርና አቴንስ ዲሞክራሲ ስትጀምር አንድ ትውልድ ነው። 146ን ደግሞ በቀይ አክብቡት፣ ካርቴጅና ቆሮንቶስ በአንድ ዓመት ነው የፈረሱት፣ ሜዲትራኒያን የማን እንደሆነ ጥያቄው ያበቃው እዛ ጋ ነው ማለት ይቻላል። ሌላ ዓመት መጨመር የምትችሉት ከነዚህ ከአንዱ በፊት ወይም በኋላ ብላችሁ ስታያይዙት ብቻ ነው።

⚠ ሲበላሽ፦ ዓመቱ አልያዝ ካለ ዝርዝሩን ደጋግማችሁ አታንብቡ። ደረጃ 1 ላይ የሳላችሁትን ካርታ አውጡና እያንዳንዱን ዓመት በቦታው ላይ ጻፉት። ቦታ የሌለው ዓመት ካገኛችሁ ያልገባችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ሕንፃ ለይቶ ማወቅ

የአርክቴክቸር ተማሪ ያልሆናችሁም አትለፉት። አንድ ፎቶ ሲቀርብላችሁ እነዚህን ጥያቄዎች በዚሁ ቅደም ተከተል ጠይቁ፣ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ፦

1. እግሩ ምን ላይ ነው? በአራቱም ጎን የሚወጡበት ዝቅ ያለ ደረጃ (ብዙ ጊዜ ሦስት) ከሆነ የግሪክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከፍ ያለ መድረክ ሆኖ መውጫው ከፊት ብቻ ከሆነ የሮማ።
2. ዓምዶቹ ዙሪያውን ነፃ ቆመዋል ወይስ ከጎንና ከኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል? የተለጠፉ ከሆኑ የሮማ ነው የሚመስለው። ፈረንሳይ ኒም ከተማ ያለው ሜዞን ካሬ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው።
3. የዓምዱ ራስ? ተራ ትራስ የመሰለ፣ ታች እግር የሌለው፣ ዶሪክ። ሁለት ጥቅልል ያለው አዮኒክ። ቅጠል የለበሰ ኮሪንቲያን።
4. ከዓምዱ በላይ ያለው አግዳሚ? በዶሪክ ላይ ሦስት ቋሚ መስመር ያለው ትሪግሊፍና በመካከሉ ያለው ካሬ ሜቶፕ ይፈራረቃሉ። በአዮኒክ ላይ ያልተቆራረጠ ቅርጽ ይሄዳል።
5. ቅስት፣ ጉልላት፣ ኮንክሪት አለ? ግሪኮች ቅስት ያውቁ ነበር ግን ትልልቅ ሕንፃ የሠሩት በዓምድና አግዳሚ ነው። ቅስቱን የሁሉ ነገር አጥንት ያደረጉት ሮማውያን ናቸው።

ማስጠንቀቂያ። አገሩን አይታችሁ አትፍረዱ። ጣሊያን ፔስቱም ላይ ያሉት ዶሪክ ቤተ መቅደሶች የግሪክ ናቸው፣ አቴንስ ውስጥ ደግሞ የኦሊምፒያዊው ዜውስ ቤተ መቅደስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክ.ል.በ ተጀምሮ ያስጨረሰው የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ነው። ኮሎሲየም ላይ ያሉት ግማሽ ዓምዶችም ጭነት የሚሸከሙ እንዳይመስሏችሁ፣ ተሸካሚው ቅስቱና ግድግዳው ነው፣ ዓምዱ ጌጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ "ቤተ መቅደስ" ስንል የኛ ሰው ምዕመን ገብቶ የሚያስቀድስበትን ያስባል። የግሪኩ እንደዛ አይደለም። ውስጡ የጣዖቱ ሐውልት ቤት ነው፣ መሥዋዕቱ የሚቀርበው ውጪ ከፊት ለፊት ባለው መሠዊያ ላይ ነው፣ ሕዝቡም ውጪ ነው። ለዚህ ነው የግሪክ ቤተ መቅደስ ውበቱ ሁሉ ወደ ውጪ የሆነው፣ ይሄን ሳትይዙ ፕላኑን ብትሸመድዱት ትርጉም አይሰጥም።

ደረጃ 6፦ ሁለት ሕንፃ ሳሉ፣ ሁለት ብቻ

አርባ ሕንፃ በወሬ ከማወቅ ሁለት በእጅ መሳል ይሻላል። ባለ ካሬውን ደብተር አውጡ።

ፓርቴኖን፣ ፕላን (ከላይ የሚታየው)። ሬክታንግል ሳሉ፣ በ31 ሜትር በ69.5 ሜትር ገደማ። ከፊትና ከኋላ 8 ዓምድ፣ በጎን 17። ስንት ሆነ? 50 ካላችሁ የማዕዘኖቹን ሁለቴ ቆጥራችኋቸዋል፣ 46 ነው። ከዛ ውስጡን ሁለት ክፍል አድርጉ፣ ትልቁ የአምላካቸው የአቴና ሐውልት የቆመበት፣ ትንሹ ከኋላ። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ናቸው፣ ቅርጻ ቅርጹን የመራው ፊዲያስ፣ እብነ በረዱ ከጴንጤሊኮን ተራራ።

አሁን ማዕዘኑ ላይ ቆም በሉ። በዶሪክ ሕግ ትሪግሊፍ ከዓምዱ መሃል በላይ መሆን አለበት፣ የመጨረሻው ትሪግሊፍ ደግሞ ጥጉ ላይ ማለቅ አለበት። ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም፣ ሳሉትና እዩት፣ ጥጉ ላይ ክፍተት ይቀራል። መፍትሔያቸው የጥጉን ዓምድ ወደ ጎረቤቱ ማስጠጋት ነው፣ ፓርቴኖን ላይ የጥጉ ዓምዶች ወፈርም ይላሉ። ወለሉም ቀጥ ያለ አይደለም፣ መሃሉ ላይ በትንሹ ያብጣል። በተራ ፎቶ ላይ በቀላሉ አይታይም። ለምን ፈራረሰ ለሚል ጥያቄ ደግሞ "በእርጅና" እንዳትሉ፣ በ1687 ኦቶማኖች ባሩድ አስቀምጠውበት ቬኔሲያኖች በመድፍ መትተውት ነው የፈነዳው።

ፓንቴዮን፣ ቁራጭ (ሴክሽን፣ ሕንፃው ከመሃል ቢሰነጠቅ የሚታየው)። እዚህ ኮምፓስ ያስፈልጋል። ክብ ሳሉ፣ ዳያሜትሩን 43.3 ሜትር በሉት። የላይኛው ግማሽ ጉልላቱ ነው፣ የታችኛው ግማሽ ወለሉን ነክቶ ያልፋል፣ ምክንያቱም ከወለሉ እስከ ላይኛው ክፍት ቀዳዳ ያለው ቁመትና የውስጡ ስፋት እኩል ነው። ቀዳዳው 9 ሜትር ገደማ ነው፣ መስታወት የለውም፣ ዝናብ ይገባል። ከዛ ውፍረቱን አስገቡ፣ ጉልላቱ ከሥሩ 6 ሜትር ገደማ፣ ጫፉ ላይ 1.2 ሜትር። ኮንክሪቱም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ታች ከባድ ድንጋይ፣ ላይ ላዩን ቀላል ስፖንጅ የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደባልቀውበታል። ኖራውን የሚያጠነክረው የእሳተ ገሞራ አመድ ፖዞላና ይባላል፣ ስሙን ያገኘው ጳውሎስ ከመርከብ ከወረደባት ከፑቲዮሉስ ነው፣ የዛሬዋ ፖትዙኦሊ፣ ኔፕልስ አጠገብ። ካርታችሁ ላይ አለች።

⚠ ሲበላሽ፦ ፊቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ "አግሪጳ ሠራው" ብላችሁ ከጻፋችሁ ሕንፃውን ከ140 ዓመት በላይ አስቀድማችሁታል። ጽሑፉ በርግጥ "የሉኪዩስ ልጅ ማርኩስ አግሪጳ ለሦስተኛ ጊዜ ቆንሲል ሳለ ሠራው" ይላል። የአውግስጦስ የጦር አዛዥ የነበረው አግሪጳ የሠራው የመጀመሪያውን ነው፣ የዛሬው በሃድሪያን ዘመን በ126 እ.ኤ.አ አካባቢ ያለቀው ነው፣ የድሮውን ስም ፊቱ ላይ አደረጉበት። ጡቦቹ ላይ የታተመው ማህተም ነው ትክክለኛውን ዘመን ያወጣው።

ደረጃ 7፦ ምንጭ እንዴት ይነበባል

የጥንት ጸሐፊ ስታነቡ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ መቼ ጻፈ፣ እዛ ነበር ወይ፣ ምን ፈልጎ ነው። የአቴንሱ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ የጦር አዛዥ ነበር፣ በ424 ከክ.ል.በ ከተማ አስወስደሃል ተብሎ ተሰደደ፣ ስለ ዘመኑ ጦርነት ነው የጻፈው። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ ደግሞ ስለ ሮም መቆርቆር የጻፈው በአውግስጦስ ዘመን፣ ተቆረቆረች ከተባለ 700 ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱን እኩል ማመን አይቻልም።

ማጣቀሻውን መጻፍ ቀላል ነው፣ እንደ ምዕራፍና ቁጥር ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ 7፡144 ማለት ገጽ 144 አይደለም፣ 7ኛው መጽሐፍ ክፍል 144 ነው፣ የላውሪዮን ብር ታሪክ እዛ ነው ያለው። በየትኛውም ትርጉም ቁጥሩ አንድ ነው፣ ስለዚህ የገጽ ቁጥር አትጻፉ።

ምንጮች ሲጋጩ አትደንግጡ፣ ሁለቱንም ጻፉ። ቬሱቪየስ የፈነዳበት ቀን ፍንዳታውን በዓይኑ ባየው በታናሹ ፕሊኒ ደብዳቤ ቅጂ ላይ ኦገስት 24 ነው፣ ነገር ግን በ2018 እሳተ ገሞራው በቀበራት ከተማ ፖምፔይ ውስጥ በከሰል የተጻፈ የኦክቶበር 17 ቀን ያለበት ጽሑፍ ሲገኝ ብዙዎች ወደ ኦክቶበር አዘነበሉ። ከሰል በቀላሉ ይጠፋል፣ ለዓመት አይቆይም ነው ክርክሩ። ፈተና ላይ "79 እ.ኤ.አ" ብሎ መጻፍ ይበቃል፣ ፔፐር ከሆነ ግን ክርክሩን አንሱት።

ከቻትቦት የወሰዳችሁትን ጥቅስ ዋናው ጽሑፍ ላይ ቁጥሩን ሄዳችሁ ካላገኛችሁት ሰርዙት። "ቄሳር እንዳለው" የሚል ነገር በተለይ።

ደረጃ 8፦ ሦስቱን አንድ ከተማ ላይ አያይዙ

የሚመከረው ቆሮንቶስ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር አለባት። አንድ ገጽ ስጧት።

- ቦታ፦ ፔሎፖኔዝን ከዋናው ግሪክ የሚያገናኘው መሬት በጠባቡ ቦታ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከተማዋ አጠገቡ ነች። ሁለት ወደብ፣ ወደ ምዕራቡ ባሕር የሚከፈተው ሌካዮን፣ ወደ ምሥራቁ ባሕር የሚከፈተው ክንክራኦስ (ሮሜ 16፡1 ላይ ያለችው)። ከላይ 575 ሜትር የሚሆነው አክሮኮሪንት ምሽግ። የገንዘቧን ምንጭ ከዚህ አውጡት።
- ታሪክ፦ በ146 ከክ.ል.በ ሮማዊው የጦር አዛዥ ሙሚዩስ አፈረሳት። መቶ ዓመት ያህል ቆይታ በ44 ከክ.ል.በ ዩልዮስ ቄሳር እንደ ሮማ ሰፈራ እንደገና እንድትቆረቆር አደረገ። ስለዚህ ጳውሎስ የገባባት ቆሮንቶስ የግሪክ ምድር ላይ ያለች የሮማ ከተማ ነች። ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ያለውን አገረ ገዥ ጋልዮስን ደግሞ ዴልፊ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ይጠቅሰዋል፣ በሱ ነው ዘመኑ 51/52 እ.ኤ.አ አካባቢ መሆኑ የታወቀው።
- ሕንፃ፦ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ዓምዶች፣ በ540 ከክ.ል.በ አካባቢ የተሠሩ፣ ዶሪክ፣ 7ቱ አሁንም ቆመዋል፣ እያንዳንዱ ግንድ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ከሱ በታች የሮማ ፎረም (የከተማዋ አደባባይ)። ፎቶውን ክፈቱና ደረጃ 5 ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በሁለቱም ላይ አንድ በአንድ መልሱ።

ከዛ ገጹን ዝጉና ለአንድ ሰው በድምፅ አስረዱት፣ ቤት ውስጥ ላለ ወንድም ወይም እህት፣ ሰው ከጠፋ ስልክ ላይ ቅዱት። "ለምን?" ሲባል የምትንተባተቡበትን ቦታ ልብ በሉ። ስለ ቦታው ከሆነ ወደ ደረጃ 1፣ "ይሄኔ ሮም ምን ላይ ነበረች?" ላይ ከሆነ ወደ ደረጃ 4፣ ፎቶውን መግለጽ ካቃታችሁ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ቆሮንቶስ ካለቀች ቀጥሎ ኤፌሶንን ውሰዱ፣ ፖምፔይን ሦስተኛ አድርጉት፣ ሮምን ራሷን ግን አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ድረስ አቆዩአት፣ አንድ ቦታ ላይ የሺህ ዓመት ሕንፃ ተደራርቦባት ጀማሪን ታደናግራለች።